አባቴ መርሳት የተማረበት ዘመን

አባቴ የሰማውን የማይረሳ ሰው ነበር። ይህን የምለው ሴት ልጁ ስለሆንኩ ላሞካሸው ፈልጌ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያናድደኝ ነበር። በአምስት ዓመቴ የሰበርኩትን ብርጭቆ በሃያ ዓመቴ ያነሣብኛል፣ በየትኛው እጄ እንደነበር ጭምር። ልጅ ሳለ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ዳዊቱን በቃሉ ይዟል። ኋላ አዲስ አበባ ገብቶ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራ፤ ፋይል ሲጠየቅ ዝርዝሩን ሳያይ ከመደርደሪያው ይመዝ ነበር ይላሉ። በሰፈራችን፣ ከጳውሎስ በላይ ባለችው ቁልቁለት ላይ፣ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲያስቡ ሽማግሌዎች እኛ ቤት ይመጡና አባቴን ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥሩት ነበር። ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። በእሱ ምላስ የቀሩ ሠርጎች ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ያኮረፉን ቤተሰቦችም አሉ።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ሁሉን የረሳ ሽማግሌ ሆኖ መድረክ ላይ እንዲወጣ የተመረጠው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቀይ ሽብር ካለፈ ሦስት ዓመት ያህል ሆኖታል፤ አለፈ እንላለን እንጂ ሰው ገና በለሆሳስ ነበር የሚያወራው። የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሰባት አባላት ነበሩት። ሥራችን መዝሙር ነበር። በዓል ሲደርስ አደባባይ ወጥተን እንዘምራለን፣ ግራ እጃችንን እናነሣለን፣ ወደየቤታችን እንገባለን። ቡድኑን የሚመራው ዊንጌት አካባቢ የሚያስተምር፣ ሲያዩት ነፋስ የሚወስደው የሚመስል ቀጭን መምህር ነበር። መዝሙሩ ሰለቸው መሰለኝ፣ አንድ እሁድ ኮሜዲ ጽፎ መጣ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሽማግሌ ከበቅሎ ወድቆ ራሱን ይመታና ያለፉትን ዓመታት በሙሉ ይረሳል። ሲነቃ አብዮት የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። ልጆቹ እንዳያዋርዳቸው ቤት ውስጥ ሊደብቁት ይሞክራሉ፣ እሱ ደግሞ እያመለጠ ሰፈሩን ያምሳል። መምህሩ ለቀበሌው ሲያስረዳ ኋላ ቀር አስተሳሰብን የሚነቅፍ ተውኔት ነው አለ። እኛ ስናነበው ግን የሳቅነው በሽማግሌው አልነበረም፤ ሽማግሌው በሚያያቸው ነገሮች ነበር። ይህን ማናችንም ጮክ ብለን አላልነውም።

ሽማግሌውን የሚጫወት ጠፋ። ሁላችንም ወጣቶች ነን፤ የሞከሩት ሁለቱ ልጆች ደግሞ የጥጥ ጺማቸው በየንግግሩ መሀል እየወደቀ አስቸገረ። ያኔ መምህሩ አባቴን አሰበ። አባቴ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ እኔ ለመንኩት። ጡረታ ከወጣና እናቴም ካረፈች ወዲህ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሲቆጥር ማየቱ ሰልችቶኝ ነበር። ልመናዬን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እኔ አስታዋሽ ነበርኩ። አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ወደ ቀበሌው አዳራሽ እሄዳለሁ፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ በሹክሹክታ አቀብላለሁ። መድረክ ላይ የመውጣት ወኔ ስላልነበረኝ ሥራው ይስማማኝ ነበር።

ያኔ ተውኔት ዝም ብሎ አይታይም። ጽሑፉ በሦስት ቅጂ በታይፕ ይመታና ለቀበሌው ካድሬ ይሰጣል፤ እሱ ወደ በላይ አካል ይልከዋል፤ ይነበባል፣ ያልተፈለገው በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል፣ በየገጹ ማኅተም ያርፍበትና ይመለሳል። ማኅተም ካረፈ በኋላ ከተጻፈው ውጪ አንዲት ቃል መናገር አይቻልም። ትዕይንቱ ሲቀርብ ካድሬው አንዱን ቅጂ ይዞ ከፊት ይቀመጥና ተዋናዮቹ የሚሉትን በጣቱ እየተከተለ ያመሳክራል። አንዱ ቅጂ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ እኔ ጋ ይሆናል።

ጽሑፉ ከሄደ ሁለት ወር ሊሞላው ሆነ፣ አልተመለሰም። በዓሉ እየቀረበ ነበር። መምህሩ የሚሰረዝ ነገር የለውም፣ ልምምድ እንጀምር አለ። እኛም ጀመርን። የአባቴ ዓይን ስለደከመ ቃሉን የማስያዙ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ሌላ ተዋናይ ዛሬ የያዘውን ነገ ሊለውጥ ይችላል፤ አባቴ የሚያውቀው ግን አንድ የመማሪያ መንገድ ብቻ ነው፣ በቆሎ ትምህርት ቤት የተማረበትን። መምህር ይላል፣ ተማሪ ይደግማል፤ እንደገና ይላል፣ እንደገና ይደግማል፣ ቃሉ ዜማ እስኪያወጣ ድረስ። ስለዚህ በየማታው ከእራት በፊት ፊት ለፊት ተቀምጠን እኔ እላለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ይደግማል። በሦስት ሳምንት ውስጥ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ንግግር ያዘ። እኔም በመምህርነቴ ትንሽ ተኩራርቼ ነበር።

አንድ ትዕይንት አለ። ሽማግሌው አምልጦ ይወጣና ኅብረት ሱቅ ደጅ ላይ ስኳር ሊቀበል የተሰለፈውን ሕዝብ ያያል። ራሽን ምን እንደሆነ ስለማያውቅ በድሮው ልማድ ለቅሶ ቤት ይመስለዋል። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መጨረሻ ላይ የቆመውን ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቀዋል፦ «ይሄ ሁሉ ሰው ደጅ ላይ የቆመው ማን ሞቶ ነው?»

ልምምድ ላይ ይህን ሲል በሳቅ እንንፈራፈር ነበር። አባቴ የሚለው በእውነተኛ ሐዘን ስለሆነ የበለጠ ያስቃል።

ጽሑፉ ሲመለስ ሌላው ነገር ሁሉ አልፏል፤ በቀይ የተሰረዙት ሁለት ቃላት ብቻ ነበሩ። «ማን ሞቶ» ተሰርዞ ከላዩ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ምን ፈልጎ» ተብሎ ተጽፎበታል። ያኔ ነው ሁላችንም የገባን። በዚያች ቁልቁለት ላይ ብቻ ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ስንት እናቶች ነበሩ። ለቅሶ እንዳይቀመጡ፣ ጥቁር እንዳይለብሱ ተነግሯቸው፣ ዓይናቸው አብጦ እንኳ ቢታይ ጭስ ነው የሚሉ። እነዚህ ሰዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ማን ሞቶ ነው ተብሎ ሊጠየቅ ነበር። መምህሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ስንለማመድበት የነበረውን የመምህሩን የእጅ ጽሑፍ በዚያው ቀን ከአዳራሹ ጓሮ አቃጠልነው፣ አመዱንም በእግራችን በተንነው።

አባቴን ማቃጠል ግን አይቻልም።

እንደገና ማስያዝ ጀመርኩ። «ይሄ ሁሉ ሰው ደጅ ላይ የቆመው ምን ፈልጎ ነው» እላለሁ፤ እሱ ዓይኑን ይጨፍንና «ይሄ ሁሉ ሰው ደጅ ላይ የቆመው ማን ሞቶ ነው» ይላል። እቆጣለሁ፣ ይቅርታ ይለኛል፣ እንደገና እንጀምራለን፣ እንደገና ያንኑ ይላል። ዜማው ይዞታል። ሃያ ጊዜ ደጋግመን ሃያውንም ጊዜ የሳተበት ቀን አለ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ፣ በዚህ ቃል ታስረህ ልትገደል ትችላለህ፣ እባክህ እርሳው ብዬ አለቀስኩ። እሱም «መርሳት እኮ አልተማርኩም ልጄ፣ ማንም አላስተማረኝም» አለ። ሲቀልድ እንኳ ልብ የሚነካ ሰው ነበር።

በመጨረሻ መላውን ያገኘው ራሱ ነው። «የቆመው» ካለ በኋላ ያቆማል። ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል። ዜማው ይቆረጥና አዲሱን ቃል እንደ አዲስ ነገር ይናገረዋል። ሞከርነው፣ ሠራ። አንድም ቀን አልሳተም። እኔ ግን ልቤ አላረፈም፤ በእነዚያ ሦስት ትንፋሾች ውስጥ ሁልጊዜ የድሮውን ቃል እጠብቅ ነበር።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር ነበር። ካድሬው የሰፈራችን ልጅ ነው። ሕፃን ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌሎች ልጆች ጋር እኛ ግቢ እየመጣ ከአባቴ ዳዊት ተምሯል፤ የዘነጋ ዕለትም አርጩሜ ቀምሷል። አሁን ቦት ጫማ አድርጎ፣ ሽጉጥ ታጥቆ፣ አባቴን ጓድ እያለ ነው የሚጠራው። የአባቴን ጭንቅላት ከእኔ ቀጥሎ የሚያውቀው እሱ ነበር።

ትዕይንቱ የቀረበው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው የመጣው ፈልጎም ተገዶም ነው፤ ስብሰባ የቀረ ራሽን ይቀርበታል። አግዳሚው ሞልቶ ብዙ ሰው ቆሟል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የወረዱ ሴቶች ሸክማቸውን ደጅ አስደግፈው ገብተው ነበር፤ አዳራሹ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ካድሬው ከፊት መሀል ላይ ተቀምጦ ጽሑፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። በአቡጀዲው መጋረጃ ቀዳዳ ጣቱን አያለሁ። ጣቱ ሲንቀሳቀስ እኔም እተነፍሳለሁ።

አባቴ ተዓምር ሠራ። እንዲህ ዓይነት ተዋናይ መሆኑን እኔ ልጁ አላውቅም ነበር። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ካድሬው ራሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ጣቱን ገጹ ላይ ረስቶ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ የድሮው ልጅ ሆኖ ታየኝና አንድ አፍታ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

ከዚያ ትዕይንቱ ደረሰ። አባቴ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ ሁሉ ሰው ደጅ ላይ የቆመው...» አለና አቆመ።

አንድ ትንፋሽ። ሁለት። ሦስት። ዝም አለ። ሰዎች የተሰለፉትን እያዩ፣ አባቴን እያዩ መሳቅ ጀመሩ። አራት። ሳቁ በረታ። አምስት። አልተናገረም። ጠፋበት አልኩ፤ አዲሱ ጠፍቶበት የድሮውን በጥርሱ ይዞ ቆሟል አልኩ። ዛሬ አውቃለሁ፣ ያን ጊዜም ትንሽ ባስብ አውቅ ነበር፤ አባቴ የቆመው ሳቁ እስኪያልቅ ነው። ቃሉ እንዲሰማለት እየጠበቀ ነበር፤ ማንም ጥሩ ተጫዋች የሚያደርገውን ነው ያደረገው። እኔ ግን አላሰብኩም፣ ፈራሁ። አስታዋሽ ነኝና ማቀበል አለብኝ ብዬ አፌን ወደ መጋረጃው አስጠግቼ አቀበልኩት።

ከአፌ የወጣው «ማን ሞቶ ነው» ነበር።

ዓይኔ እኮ ወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱ «ምን ፈልጎ» ይላል። ከእሱ ጋር ሆኜ መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ያልኩት ዜማ ግን እኔንም ይዞኝ ኖሯል። ለካ እኔም አብሬው ስማር ኖሬያለሁ፤ እሱን ብቻ ስጠብቅ እኔን የጠበቀኝ ማንም አልነበረም። ይባስ ብሎ ልክ በዚያች ሰከንድ ሳቁ አለቀ። ሹክሹክታዬ ጸጥ ባለው አዳራሽ ውስጥ ከመጋረጃው አልፎ ወደ ፊት ወንበሮቹ ሄደ። የካድሬው ጣት ቆመ። ቀና ብሎ ያየው አባቴን ሳይሆን መጋረጃውን ነው። ቀዳዳው ውስጥ ዓይን ለዓይን የተያየን መሰለኝ።

አባቴም በዓይኑ ጥግ ወደ እኔ አየ፣ ላፍታ ብቻ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረና በሙሉ ድምፁ፣ ዳዊት በሚደግምበት ድምፅ፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ደጅ ላይ የቆመው ማን ሞቶ ነው?» አለ።

ማንም አልሳቀም። ከኋላ፣ እንጨት ተሸካሚዎቹ ከቆሙበት፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ አድርጋ ስትንሰቀሰቅ ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው። ልቅሶ አይደለም፣ ልቅሶ ለመሆን ድምፅ ይፈልጋል፤ ሰው ሁሉ አፉን አፍኖ ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ሦስት ዓመት የታፈነ ነገር ነበር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን አቅፌ ነበር።

ካድሬው አላስቆመም። ተውኔቱ እስከ መጨረሻው እንዲታይ ተወው፤ ይህ ከማስቆሙ የበለጠ አስፈራኝ። አባቴ የቀረውን አንዲት ቃል ሳይስት ጨረሰ። ማጨብጨብ የሞከሩት ሰዎች ጎረቤታቸውን አይተው እጃቸውን አጠፉ። ሰው እንደወጣ አባቴን ከነባርኔጣው ወሰዱት፤ እኔንና መምህሩንም ጠሩን።

የቀበሌው ቢሮ ውስጥ አባቴ ቆሞ ነበር፣ እኔ አጠገቡ። ካድሬው ተቀምጦ ጽሑፌን ገጽ በገጽ አገላበጠ። ማኅተሙ አለ፤ «ምን ፈልጎ» በቀይ ተጽፎ አለ።

«ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ ሰምቻለሁ» አለኝ። «ምን ነበር ያልሽው?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት አባቴ ቀደመኝ። እሷ ትክክለኛውን ነው ያለችኝ፣ እኔ ነኝ የጠፋብኝ፣ እርጅና ነው አለ። ካድሬው ጽሑፉን አጠፈው። ያኔ የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ጓድ ማለቱንም ትቶ ነበር።

«እርስዎ ይረሳሉ? ስንት አርጩሜ ነው የበላሁት በእርስዎ እጅ፣ አንድ ቃል ሳትክ ተብዬ። እርስዎ ይረሳሉ?»

አባቴ የማን ልጅ ነህ አንተ ብሎ ጠየቀው።

ካድሬው ወደ እኔ ዞሮ አንቺስ አለኝ። ማለት የነበረብኝን አውቅ ነበር። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። የሃያ አራት ዓመት ሰው ነኝ፣ ሕፃን አይደለሁም። «ምን ፈልጎ ነው፣ ነው ያልኩት» አልኩ። ውሸቴ ከአባቴ ውሸት ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ። አባቴ ቀለል ብሎት ሲተነፍስ ሰማሁት። በሕይወቴ እንደዚያች ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም፤ ደግሞም ወደ ቤት በመመለሴ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይህንንም አልደብቅም።

መምህሩን ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቀቁትና ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። አባቴ አምስት ወር ታሰረ። በየቀኑ ስንቅ አመላልስ ነበር። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ያን አይቼ ወደ ፋብሪካ እሮጣለሁ። ውስጥ የሆነውን ነግሮኝ አያውቅም። ሲወጣ ግራ እግሩን እየጎተተ ነበር። የወጣውም ጥፋተኛ አይደለህም ተብሎ አይደለም፤ አእምሮው የተቃወሰ ሽማግሌ ነው ተብሎ ተጽፎለት ነው። በአምስት ወር ውስጥ የዘበኞቹን ስም፣ ዕለቱን፣ የገባበትን ምክንያት፣ በመጨረሻም የራሱን ዕድሜ ረስቶ አሳያቸው። ካድሬው ፈረመ፤ ማመኑንና አለማመኑን ግን ማንም አላወቀም።

ቤት እንደገባን በሩን ዘጋና በዚያው በጥሩ ድምፁ ተናገረኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ የማላስታውስ ሰው ነኝ። አንቺም እንደዚያ አድርገሽ ነው የምትኖሪው። ያን ቀን ምን እንደተባለ በዚህ ቤት ውስጥ እንኳ አይነሣም።» ይቅርታ ልለው ጀመርኩ። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን አወዛወዘና አስቆመኝ።

መድረክ ላይ ሁለት ሰዓት የተጫወተውን ሽማግሌ ዐሥር ዓመት ተጫወተው። ጠዋት ወጥቶ የጎረቤት በር የራሱ መስሎት ያንኳኳል። የሚያውቃቸውን ሰዎች ስማቸውን ይጠይቃል። አንዳንዴ ይጫወትበት ነበር፤ ካድሬውን መንገድ ላይ አስቁሞ ይሄ አብዮት የምትሉት ምንድን ነው ብሎ ከመጀመሪያው እንዲያስረዳው አድርጎታል፣ በሳምንቱ ደግሞ እንደገና። ማታ ሲነግረኝ እንስቅ ነበር። ሳቁ ግን እያደር አጠረ።

ምክንያቱም ካድሬው አልተወውም። በደጃችን ሲያልፍ አንድ የዳዊት መዝሙር ጀምሮ መሀሉ ላይ ያቆመዋል፣ እንደ ዘበት፣ ሲጋራ እየለኮሰ። ቆሞ ይጠብቃል። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። የጀመረውን መዝሙር አለመጨረስ ለአባቴ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ ያለ ፈተና የሚያወጣው። ጉልበቱ ላይ ያሉት ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ ሲጨመቁ ከመስኮት አይቻለሁ። ከንፈሩ ግን አንድም ቀን አልተንቀሳቀሰም። ካድሬው ሲሄድ አባቴ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዝሙሩን በልቡ ይጨርሰዋል፤ ከጀርባው ወዲያና ወዲህ መወዛወዙን ብቻ ነው የማየው።

የቅዳሜ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ቀሩ። የሚረሳ ሰው ዘንድ ማን ልጁን ይልካል? ዘር የሚያስቆጥሩ ሽማግሌዎችም መምጣት ተዉ። አንድ ጊዜ አንድ ሠርግ ሲደገስ አባቴ ሁለቱ ሙሽሮች በአምስተኛ ቤት እንደሚገናኙ ያውቅ ነበር። ሠርጉ አልፎ የሙዚቃው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቤት ውስጥ ተንጎራደደ። እነሱ ደህና ኖሩ፣ ልጆችም ወለዱ፤ እሱ ግን እንደ ኃጢአት ይዞት ቀረ። እኔም ሳላገባ እዚያው ቤት ቆየሁ። ሰው አባቷን ለማስታመም ነው ይል ነበር።

ደርግ በወደቀበት ግንቦት ካድሬው ጠፋ፣ የት እንደገባ አልታወቀም። ሰፈሩ አፍ አወጣ። በዕድር ስብሰባ ላይ ሁሉም የሆነበትን ማውራት ጀመረ። አንዱ የኮሜዲውን ቀን አነሣ። ከመካከላችን ያን ቃል የደፈረ አንድ ሰው ቢኖር እኚህ ሽማግሌ ናቸው፣ እሳቸውም ዘንግተው ነው አለ። ሰው በአዘኔታ ሳቀ። አባቴ ከመካከላቸው ተቀምጦ በትሩን ይዞ አብሮ ይስቃል፣ በዚያ በሞኝ ሳቁ። ያን ሳቅ ከዚያ በኋላ መሸከም አልቻልኩም።

ተነሣሁ። ያን ቀን የተናገርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ከመጋረጃው ጀርባ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አባቴ እኔን ሊያድን ነው ቃሉን ራሱ ደግሞ የተናገረው፣ አንድም ቃል ረስቶ አያውቅም፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሲጫወት የኖረው ስለ እኔ ነው አልኩ። እያለቀስኩ ነበር የምናገረው። የዕድሩ ዳኛ ወደ አባቴ ዞረው እውነት ነው ወይ አሉት፣ በአክብሮት፣ ዐሥር ዓመት ባልሰማሁት ዓይነት አክብሮት።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ፍቅር ካላየሁ ዓይን የለኝም ማለት ነው። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረ።

«ይቺ ሴት የማን ልጅ ናት?» አለ።

ሰው ከንፈሩን መጠጠ። አንዲት ባልቴት መጥተው ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ፣ ልጄ፣ የአባትሽ ነገር አስጨንቆሽ ነው አሉኝ። ያልኩትን ያመነ አንድም ሰው አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ለምን እንዲህ አደረግከኝ ብዬ ጮኽኩበት። ዙሪያውን አይቶ፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ ነው የመለሰልኝ። «እነዚህ አሁን የገቡትስ ስንት ዓመት እንደሚቆዩ ማን ነገረሽ? ቀጥሎ ማን እንደሚመጣስ? አንቺ ያን ቀን ምንም አላልሽም። በቃ።» ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላወራንም።

አራት ዓመት ኖሮ አረፈ። ድንኳን ተጣለ፣ ሰው መጣ፣ ማልቀስም ተፈቅዶ ነበርና እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ሊያጽናኑኝ እየመጡ አጠገቤ የሚቀመጡት ሁሉ የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር፦ ተመስገን በይ፣ ምንም ሳያውቁት፣ ምንም ሳይሰማቸው ነው የሄዱት።

አዎ እላቸው ነበር።